«ኢንትሪጊንግ»፦ ጥያቄ እንጂ ውዳሴ አይደለም

በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የምርምር መጣጥፎች፣ በተለይም ውጤት በሚብራራበት ክፍል፣ «ኢንትሪጊንግ» የሚለው ቅጽል በተደጋጋሚ ይገኛል። የአማርኛ አኅጽሮተ ጥናት ሲዘጋጅ ይኸው ቃል «አስደናቂ» ወይም «ማራኪ» ተብሎ ሲመለስ ይታያል። አመላለሱ ጆሮን አይጎረብጥም፤ የውጤቱን ደረጃ ግን ይለውጣል። ለምሳሌ አንድ የአፈር ተመራማሪ ተመሳሳይ ማዳበሪያ የተሰጣቸው ሁለት ማሳዎች ምርታቸው እጅግ ቢለያይበትና ምክንያቱ ባይገለጥለት፣ ግኝቱን «ኢንትሪጊንግ» ሊለው ይችላል። ይህም ውጤቱ ያልተጠበቀ፣ ገና ያልተብራራና ተጨማሪ ምርመራ የሚሻ መሆኑን መግለጹ ነው። «አስደናቂ ውጤት» ሲባል ግን ጥያቄው ስኬት ሆኖ ይቀርባል፤ አንባቢውም ያልተፈታውን እንደተፈታ ይወስዳል።

የቃሉ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ሥሩ «ማወሳሰብ፣ ማጠላለፍ» የሚል ፍች ያለው የላቲን ግስ ነው። በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ሲሠራበት በዋናነት ሴራን ያመለክት ነበር። ጉጉትን መቀስቀስ የሚለው ፍች የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እርሱም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ሄንሪ ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ይህን ፍች ነቅፎታል፤ ተናጋሪው ግን አልሰማውም።

አማርኛም በዚሁ መንገድ እስከ እኩሌታው ተጉዟል። «መጠላለፍ» የክርንም የፖለቲከኞችንም ነገር ይገልጻል፤ ወደ በጎው ፍች ግን አልተሻገረም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ስሙን «ሴራ» ተብሎ ያገኘው ተማሪ የቅጽሉን ፍች ከዚያ ሊያወጣ አይችልም። «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ይቀርባል፤ ሆኖም የልብ ወለድና የፊልም ቃል ነው። «የማወቅ ጉጉትን የሚቀሰቅስ» ትክክል ቢሆንም ይረዝማል፣ በአንድ ገጽ አኅጽሮት ውስጥም ሁለት ጊዜ ከተደገመ ያሰለቻል።

የሚሻለው «ጥያቄ የሚጭር» ነው። እሳት ሊጭር የሄደ ሰው ከጎረቤት ምድጃ የሚወስደው ፍም ብቻ ነው፤ ማቀጣጠሉ የራሱ ሥራ ነው። ያልተብራራ ውጤትም ለቀጣዩ አጥኚ የሚያቀብለው ይህንኑ ያህል ነው። እርግጥ ቃሉ ግዴታ ያስከትላል፦ አንድ ውጤት ጥያቄ ይጭራል ከተባለ የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ ተከታዩ ዐረፍተ ነገር ሊናገር ይገባዋል። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ቅጽሉ ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም ቢወጣ ጥናቱ የሚያጣው ነገር የለም።