በጅቡቲ ከተማ የፎቅ ቤት ባለቤቶችና የሕንፃ ጉድለት ዋስትና

በፎቅ ሕንፃ ውስጥ አንድ ቤት ገዝቶ የሚኖር ሰው፥ በመሬቱ ላይ ለብቻው እንደ ሠራ ሰው አይደለም። ለብቻው የሠራው ጣራው ቢያፈስ ሠራተኛ ጠርቶ ያስጠግናል፤ የፎቅ ነዋሪው ግን እርሱን የተሸከመው ምሰሶ የጎረቤቶቹም ምሰሶ ስለ ሆነ፥ ስንጥቅ በታየ ጊዜ ብቻውን ሊያስጠግነው አይችልም። ጉድለቱ ከሠሪው የመጣ እንደ ሆነ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በጅቡቲ ከተማ ለሚያስተዳድሩም ለሚነግዱም ሰዎች እጅግ የሚያሳስብ ነው።

የከተማይቱ አቀማመጥ ነገሩን ያከብደዋል። ሰርፓን፥ ሄሮንና ማራቡ የሚባሉት ከፍታዎች ኮራል በተባለው የባሕር ድንጋይ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ነፋሱ ጨው ይዞ ይነፍሳል፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ ጨዋማነት አለው። ጨው በአርማታው ውስጥ ቀስ በቀስ ዘልቆ ብረቱ ዘንድ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የባሕር አሸዋ ሳይታጠብ ከተቦካ፥ ወይም ብረቱን የሚሸፍነው አርማታ ከሳሳ፥ ጥፋቱ ይፈጥናል። ሆኖም በርክክቡ ቀን ሁሉም በልስንና በቀለም ስለሚሸፈን ገዢው የሚያየው ነገር የለም።

ሠሪው ለሥራው ዐሥር ዓመት ዋስ ይሁን የሚለው ሐሳብ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሕንፃው በአሠራሩ ወይም በመሬቱ ጉድለት ቢፈርስ መሐንዲሱንና ተቋራጩን ለዐሥር ዓመት ተጠያቂ አድርጓቸው ነበር። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ይህንኑ ደንግጓል፤ ዘመኑን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። ነገር ግን ተቋራጩ ከከሰረ ወይም ከአገር ከወጣ ሕጉ ብቻውን ምሰሶ አያድስም። ፈረንሳይ ይህን ተመልክታ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1978 ባወጣችው ሕግ የግንባታን ኢንሹራንስ ግዴታ አደረገች፤ ኢንሹራንሱም አስቀድሞ ጥገናውን ከፍሎ ኋላ ጥፋተኛውን እንዲጠይቅ ሆነ። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ስለ ሆነ፥ ይህ ሕግ የወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ከአሮጌው ሕግ ጋር በውርስ የተገኘ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነገር ነው። ጨው የሕግን ቀን አይቈጥርም፤ ስንጥቁ ከዐሥረኛው ዓመት በኋላ የሚገለጥበት ጊዜ አለና። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬንፌል በተባለው ሕንፃ እሳት ተነሥቶ 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ የብዙ ሕንፃዎች የተደበቀ ጉድለት ተገለጠ። ስለዚህ በ2022 የወጣው ሕግ ቀድሞ ለተሠሩ ቤቶች ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ ከ6 ዓመት ወደ 30 ዓመት አራዘመው።

የአዲስ አበባም ነገር ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የ20/80 የጋራ ሕንፃ ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በባንክ ብድር ይከፍላል። ሕንፃው ቢሰነጠቅ ግን ከተቋራጩ ጋር የተዋዋለው እርሱ አይደለም፤ ዕዳውም ሆነ ስንጥቁ በአንድነት በእርሱ ላይ ይወድቃሉ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ማድረጉ ስለዚህ የሚጠቅም ነው፤ ምሰሶው የጋራ ከሆነ አቤቱታውም የጋራ መሆን ይገባዋልና።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህ ሁሉ የቤትን ዋጋ ያስወድዳል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ጥቂት ያስወድዳል። ነገር ግን በወደባችን የሚነግድ ሰው ጭነቱን ያለ ኢንሹራንስ ባሕር አያሻግርም። ለጥቂት ሳምንት ጕዞ ዋስትና የሚገዛ ነጋዴ፥ ልጆቹ የሚያድጉበትን ቤት ያለ ዋስትና መግዛቱ እንዴት ይገባል? ገንዘብ የሚያበድረውም ባንክ ቢሆን መያዣ አድርጎ የያዘው ያንኑ ሕንፃ ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፥ በርክክብ ጊዜ የአርማታው ጨውና የብረቱ ሽፋን በገለልተኛ መሐንዲስ ተመርምሮ መዝገቡ ለባለቤቶች ማኅበር ይሰጥ። ሁለተኛ፥ ሠሪው ኢንሹራንስ ሳይገባ ወይም የዋስትና ገንዘብ ሳያስቀምጥ ቤት አይሽጥ። ሦስተኛ፥ ከዝገት ለሚመጣ የተደበቀ ጉድለት ከዐሥር ዓመት የረዘመ ጊዜ ይወሰን። አራተኛ፥ አሁን ለተሰነጠቁት ቤቶች አስቀድሞ የሚያድስና ኋላ ጥፋተኛውን የሚጠይቅ የእርዳታ ገንዘብ ይቋቋም። ባለቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ በተሰነጠቀ ምሰሶ ሥር እንዲጠብቅ ማድረግ ፍርድ አይባልም፤ ምሰሶው ቀጠሮ አይጠብቅምና።