እጃችንን የሚያደነዝዘው የእንጦጦ ብርድ ነውን?



ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጃችሁ ደንዝዞ፣ ጉንዳን የወረረው ያህል እየነዘራችሁ ነቅታችሁ ታውቃላችሁን? አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቴርሞሜትር እንደምታራግፍ ነርስ እጃችሁን ታራግፋላችሁ። ትንሽ ሲሻላችሁ ትተኛላችሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይቀሰቅሳችኋል። ጠዋት ለጎረቤት ብትነግሩ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ብርድ ነው!» የካ አባዶ ላይ ብርዱ አድራሻም አለው፤ ከእንጦጦ ነው የሚወርደው። ወገባችን ቢያመን እንጦጦ፣ ጉልበታችን ቢቆረጥመን እንጦጦ፣ እጃችን ቢደነዝዝም እንጦጦ። ተራራው አፍ ቢኖረው ኖሮ በስም ማጥፋት በከሰሰን ነበር።

በዚህኛው ክስ እንኳ ተራራው ነፃ ነው። በእጃችን አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ወለሏና ግድግዳዋ የአንጓው ትናንሽ አጥንቶች፣ ጣሪያዋ ደግሞ እንደ መቀነት የጠበቀ ጠንካራ ጅማት ነው። በዚህች ቀዳዳ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ገመድ መሰል ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ማታ ከመገናኛ ወደ አባዶ በታክሲ የተሳፈረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዘጠኙ ሲያብጡ ወይም ቦታው ሲጠብ፣ «ጠጋ በሉ» እየተባለ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ሐኪሞች ይህንን ካርፓል ተነል ሲንድረም ይሉታል።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ናቸው። ትንሿ ጣት ነርቧ በሌላ መንገድ ስለሚያልፍ ግርግሩ ውስጥ የለችበትም። ሌባ ጣት በመታሰሩ ደስ የሚለው ሰው ቢኖር እንኳ፣ አውራ ጣት አብሮ መታሰሩ ግን ሊያሳስበው ይገባል፤ ስኒ የሚይዘው፣ ቁልፍ የሚቆልፈው፣ መርፌ የሚያሰካው እርሱ ነውና። ትንሿ ጣት ብቻዋን ከደነዘዘች ወይም ድንዛዜው ከአንገትና ከትከሻ የሚጀምር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች እጃቸው ቢደነዝዝ፣ ከአንጓው ይልቅ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ገመድ ሊሆን ስለሚችል እርሱም ይመርመር።

ከብርድ ቀጥሎ የሚከሰሰው ኮምፒውተር ነው። ነገር ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፔጄት በተሰበረ አንጓ ምክንያት የተጨነቀውን ይህንኑ ነርቭ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1854 ነበር፤ ያኔ ኮምፒውተር የት ነበርና! ችግሩ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበዛባቸዋል። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ውፍረትና የአንጓ ስብራት ያመጡታል። ከሥራ ደግሞ ዋነኛው፣ አንጓን አጥፎ በኃይል መጨበጥን የሚደጋግም ወይም እጅን የሚያንቀጠቅጥ ነው። አስፋልት የሚሰብረው ወንድማችን ለዚህ ተጋላጭ ነው። ብርድ ልብስ የምትጨምቀዋ፣ ሊጥ የምታቦካዋ፣ ዘነዘና የምታነሳዋ እህታችንም ከእርሱ አታንስም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ደግሞ የሳምንቱ ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን ይታጠባል፤ ጄሪካኑም በእጅ ይወጣል። በረመዳን የሳንቡሳው ሊጥ ይጨመርበት።

የሚገርመን ግን፣ «ኮምፒውተር ጎዳኝ» እያለ እጁን የሚያሻሽ ባል በረንዳ ላይ የምትጨምቀውን ሚስቱን ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ስንቴ ሰምተናል? ብርድ ልብሱን በአንድ ጫፍ ቢይዝላት የወንድነት ማዕረጉን ማንም አይገፈውም!

ወደ ሕክምናው እንለፍ። የሁለቱን እጆቻችሁን ጀርባ አገናኝታችሁ፣ ጣቶቻችሁን ወደ መሬት አውርዳችሁ እስከ አንድ ደቂቃ ቆዩ። እነዚያው ጣቶች ከደነዘዙ ጥርጣሬው ያይላል፤ ማረጋገጡ ግን የሐኪም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ስፕሊንት ነው። ስንተኛ እጃችንን አጥፈን ስለምንጫነው ነው ሌሊቱ የሚብሰው። ለሱብሒ ውዱእ ታወልቁታላችሁ፤ ስትተኙ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ። ለሳምንታት መታገስ ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ሌሊት «አልሠራም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መወርወር የለም።

ከፋርማሲ ደጋግሞ ማስታገሻ መዋጥ ለዚህ ነርቭ የሚያመጣው ፋይዳ ትንሽ ነው፤ ጨጓራን ግን ያስቆጣል። «ለነርቭ ነው» እየተባለ የሚወሰደውን የቫይታሚን ቢ እንክብልና መርፌም በራሳችሁ አትጀምሩ። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ድንዛዜን በድንዛዜ ማከም ማለት ነው። ይልቅ ስኳራችሁን ተለኩ፤ የእጅ መደንዘዝ ያልታወቀ ስኳርን ሊያጋልጥ ይችላል። ነፍሰ ጡር እህቶች አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል፣ ኢንሻአላህ።

ስፕሊንቱ ካልበቃ ሐኪሙ አንጓው ላይ እብጠት የሚቀንስ መርፌ ሊወጋ ይችላል። ለከፋው ደግሞ ቀዶ ሕክምና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ብቻ ደንዝዞ፣ ያቺ መቀነት መሳይ ጅማት ተቆርጣ ለነርቩ ቦታ ይለቀቅለታል። የምንፈራው ሕክምናውን ሳይሆን መዘግየቱን ነው። ከእጃችሁ ስኒ እየወደቀ ከሆነ፣ ድንዛዜው ቀኑንም የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ሲነጻጸር ከሟሸሸ፣ ነርቩ እየሞተ ነው። የሟሸሸው ሥጋ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ ሆስፒታል አስጽፉ፤ «እጄን ብርድ መታኝ» ሳይሆን የትኞቹ ጣቶች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደነዝዙ ንገሩ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ልብስ መጭመቅና ጄሪካን ማንሳት ለሳምንታት ክልክል ነው። ይህ የሐኪም ትእዛዝ ስለሆነ፣ ባሎች ይህችን አንቀጽ ብቻ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡ እንለምናለን።