«የሕዝብ ዜማ» ስንል ባለቤቱን አንርሳ!

የአንበሳውን ዘፈን የማያውቅ ማን አለ? በፊልም ያየነው አለን፤ በሬዲዮ የሰማነው አለን፤ ከሕፃናት አፍ የለመድነውም አለን። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ከሥር ሆነው አንዲቱን ቃል ይደጋግማሉ፤ አንድ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም «አንበሳው ዛሬ ማታ ተኝቷል» እንደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ሳይታወቀው ሲያንጎራጉረው ይገኛል።

ለመሆኑ ዜማው የማን ነው? ይህን ጥያቄ ለጓደኞቼ ባቀርብላቸው ግማሾቹ «የአሜሪካኖች ነዋ!» አሉኝ። የቀሩት ደግሞ «የአፍሪካ የሕዝብ ዜማ ነው» አሉኝ። ሁለቱም አላገኙትም። ዜማው ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ታሪኩ ነገ መምህራን የምንሆነውን በቀጥታ ስለሚነካን ባጭሩ ላውሳው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሎሞን ሊንዳ በ1909 በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል ውስጥ ምሲንጋ በሚባለው የዙሉዎች አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠባቂ ነበር። ካደገ በኋላ ሥራ ፍለጋ ጆሃንስበርግ ገባ። እዚያም ጋሎ በሚባል የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ሸክላ እያሸገ ይኖር ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ከአገሩ ልጆች ጋር ይዘፍናል። በ1939 ከጓዶቹ ጋር በዚያው ኩባንያ ስቱዲዮ «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈን አስቀረጸ። ምቡቤ በዙሉ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። ቀረጻው ሦስት ጊዜ ተሞከረ። በሦስተኛው ላይ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ሊንዳ ያልተዘጋጀበትን አዲስ ዜማ ከራሱ አፍልቆ ጣል አደረገበት። ዛሬ ዓለም የሚያንጎራጉረው ያችኑ ነው። ለመብቱ የተከፈለው ዐሥር ሽልንግ ብቻ ነበር።

ሸክላው በደቡብ አፍሪካ በጣም ተወደደ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ መቶ ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ። እንዲያውም ያ የአዘፋፈን ስልት ራሱ «ምቡቤ» እየተባለ መጠራት ጀመረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አላን ሎማክስ ሸክላውን ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለፒት ሲገር ሰጠው። ሲገር ዙሉኛ አያውቅም፤ ከሸክላው የሰማው ቃል «ዊሞዌ» መሰለው። የርሱ ጓድ፣ ዘ ዊቨርስ የሚባለው፣ በ1951 በዚሁ ስም ቀረጸው። ቀጥሎ በ1961 ዘ ቶከንስ የተባሉ ወጣቶች በአዲስ የእንግሊዝኛ ግጥም ዘፈኑት፤ በአሜሪካም የአንደኝነቱን ደረጃ ያዘ። በ1994 ደግሞ የዲስኒ ኩባንያ «ዘ ላየን ኪንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ አስገባው።

ሊንዳስ? ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ቤተሰቡ አቅም ስላልነበረው መቃብሩ ለብዙ ዓመታት ድንጋይ እንኳ አልቆመበትም። በ2000 ሪያን ማላን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ጋዜጠኛ ታሪኩን ጽፎ አወጣው፤ ዘፈኑ ከዚያ ፊልም ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ሳያስገባ እንደማይቀርም ገመተ። በ2004 የሊንዳ ወራሾች ክስ መሠረቱ። የተመረኮዙት በ1911 በወጣ የእንግሊዝ የደራሲነት መብት ሕግ ላይ ነበር፤ ይኸውም ደራሲው ከሞተ 25 ዓመት ሲሞላ መብቱ ወደ ወራሾቹ እንዲመለስ የሚያዝ ነው። በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ላለፈው ካሣ፣ ለሚመጣው ደግሞ ድርሻ እንዲያገኙ ሆነ።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። ሲገር ክፉ ሰው አልነበረም። ባለቤት እንዳለው ሲሰማ ለሊንዳ አንድ ሺህ ዶላር እንዳስላከ ራሱ ተናግሯል። ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ከአንዲት ቃል ነው የመጣው፤ «የሕዝብ ነው» ከምትለዋ። ሸክላው ከአፍሪካ ስለመጣ፣ ዘፋኞቹም ስላልታወቁ፣ ከጥንት ጀምሮ ሲዘፈን የኖረ የሕዝብ ዜማ መስሎት ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ሲዘፍን «ሕዝብ ዘፈነ» እንላለን፤ የምናውቀው ሰው ሲዘፍን ግን ስሙን እንጽፋለን። ይህ አይገርምም?

ሲገርን ብቻ ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ እኔም ያው ነኝ። አምና በቋንቋ ትምህርት የቃል ግጥም ሰብስቡ ተብለን ነበር። ለዕረፍት አገሬ ስገባ በደቦ አጨዳ ላይ አውጪ ከሚሆኑ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዘንድ ተቀምጬ ሃያ ያህል ስንኝ ጻፍሁ። ሽማግሌው «ይህቺን ከአባቴ ነው የሰማኋት፤ ይህቺን ግን በድርቁ ዓመት ራሴ ነኝ ያወጣኋት» እያሉ አንድ በአንድ ለይተው ነገሩኝ። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ «ምንጭ፦ የሕዝብ» ብዬ ሰጠሁት። ማርኩም ጥሩ ነበር። ለፋሲካ ስመለስ ሽማግሌው መንገድ ላይ አገኙኝና፣

«ልጄ፣ ያን የጻፍከውን አስተማሪህ አየልህ?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፣ በጣም ወደዱት።»

«የማን ነው አሉ?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ስማቸው መኖሩን ብቻ ነው።

አንዳንዶች «የሕዝብ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ነው የሚያምረው፤ ስም ሲለጠፍበት ይደርቃል» ይላሉ። እውነት አለው። ምቡቤን ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ሁሉም እንደየራሱ ስለዘፈነው ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሕፃንም ሽማግሌም ቦታ አለው። የኛው ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ዜማው ለጆሯችን እንግዳ የማይሆንብን። ይሁንና መዝፈን አንድ ነገር ነው፣ ስም ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። የአውጪውን ስም ብናውቅ ተቀባዩ ዝም ይላል እንዴ? ሊንዳ ስሙ በዘፈኑ ላይ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ሕፃን እንኳ ዘፈኑን ባልተወው ነበር፤ የሊንዳ ልጆች ግን ከርሱ በረከት ይካፈሉ ነበር።

ደግሞም «ደራሲው አልታወቀም» እና «የማንም አይደለም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፈልጉ ይላል፤ ሁለተኛው ውሰዱ ይላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ወጪም የለበት፣ ስብሰባም አያስፈልገው። ዘንድሮ ለስብሰባ የምንወጣ ሠልጣኞች በእያንዳንዱ ግጥምና ዜማ ሥር ሦስት መሥመር እንጨምር፦ ማን ነገረን፣ የት፣ መቼ። ነጋሪው «ራሴ ያወጣሁት ነው» ካለ ያንንም እንጻፍ፤ ስሙ እንዲወጣ ካልፈለገ ደግሞ ፈቃዱን እናክብር። መምህራኖቻችንም ማርክ ሲሰጡ እነዚህን መሥመሮች ይመልከቱልን። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብም ለልጆች ዘፈን ከማስተማራችን በፊት «ይህን ያወጣው እገሌ ነው» እንበላቸው። ልጁ ያን ጊዜ ዘፈን ከሰው እንደሚወለድ፣ ያም ሰው እንደ አባቱ ከብት ጠባቂ፣ እንደ አጎቱ ወዛደር ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ምናልባትም እሱ ራሱ ያወጣ ይሆናል።

እኔም ያቺን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቼ «ምንጭ፦ የሕዝብ» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የሽማግሌውን ስም ጽፌ ለሚቀጥለው ዕረፍት ይዤላቸው እሄዳለሁ።