ስለ ቤት ዕጣና ስለ ኮምፒዩተር

ብዙ ሰዎች አንዱን ነገር በእኩል መብት ሲፈልጉትና ነገሩ ለሁሉ የማይዳረስ ሲሆን፥ ሰው ለሰው እንዳያደላ ዳኝነቱን ለዕጣ መስጠት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ እንደ መረጡ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ያገራችን ሕዝብም በበዓል ቀን የቅርጫውን ሥጋ የሚካፈለው በዕጣ ነው። በሬው ታርዶ መደቡ ከተዘረጋ በኋላ እያንዳንዱ ባለድርሻ ምልክቱን፥ እንጨት ወይም ቅጠል ወይም ጠጠር፥ ይሰጣል፤ ምልክቱ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ አንድ ሰው፥ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፥ በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ የእኔ መደብ አነሰ ብሎ የሚከራከር አይገኝም፤ ቢገኝም የሚሰማው የለም።

ይህ ሰላም የሚመጣው ከምንድር ነው? በዕጣው ውስጥ የተለየ ጥበብ ስላለ አይደለም። ባለድርሻዎቹ ምልክቱ ሲሰበሰብ ቆመው አይተዋል፤ ዐሥር ሰው ከሆኑ ዐሥር ምልክት መኖሩን፥ ዐሥራ አንደኛ አለመጨመሩን ቈጥረዋል። እቁብተኞችም እንዲሁ ናቸው። ጸሐፊው ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠቅልሎ ሲያኖር፥ አስቀድሞ የበላ ሰው ስም ተመልሶ እንዳይገባ የእቁቡ ዳኛና አባላቱ ይጠብቁታል። ስለዚህ በዕጣ ነገር የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሁለት ነው፤ አንደኛው የሚያወጣው እጅ እንዳያደላ፥ ሁለተኛው ወደ ከረጢቱ የማይገባው እንዳይገባ፥ የሚገባውም እንዳይቀር ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ፊተኛው ነው፤ የሚበልጠው ጥፋት ግን የሚደርሰው በኋለኛው ነው።

በዛሬው ጊዜ ከረጢቱ ኮምፒዩተር ሆኗል። ይህን ነገር ለመመርመር ከአዲስ አበባ የቤት ዕጣ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በጎተራ ማሳለጫ የሚያልፍ ሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ያያል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው፤ አሁን ግን ጎተራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማሳለጫውንና ኮንዶሚኒየሙን ሆኗል። እነዚህ ቤቶች ከተሠሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዕጣው በዚህ ስፍራ የወጣለት ሰው ከከተማው መካከል ሳይርቅ፥ ከሥራውና ከዘመዱ ሳይለይ ኖረ፤ በኋላ ዘመን የወጣላቸው ግን ወደ የካ አባዶ፥ ወደ ቦሌ አራብሳ፥ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዱ። ያልወጣለትም በየዓመቱ ኪራይ እየጨመረበት በሰው ቤት ይኖራል። እንግዲህ ይህ ዕጣ እንደ ቅርጫ ሥጋ ለአንድ ቀን ማዕድ አይደለም፤ የአባትን ኑሮና የልጅን ውርስ የሚወስን ነው።

ለነዚህ ቤቶች ሕዝቡ የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ነው። የኋለኛው ምዝገባ 20/80 እና 40/60 የሚባሉትን ዐይነቶች የያዘ ነው፤ ይኸውም ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ 20 ወይም 40 ከመቶውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቈጥብ የቀረውን ባንኩ በብድር የሚሸፍንለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፥ ነጋዴውም ከትርፉ እየቀነሰ በየወሩ አስገባ። በ1997 ዓ.ም. ሕፃን ልጁን ታቅፎ የተመዘገበ አባት፥ በ2014 ዓ.ም. ልጁ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሲደርስ ገና ዕጣ ይጠብቅ ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 ዕጣ ወጣ። ቤቶቹ 25,491 ነበሩ። ብዙ ቤተ ሰብ እልል አለ፤ ብዙውም አለቀሰ። ነገር ግን ቀናት ሳይቈዩ የከተማው አስተዳደር ዕጣው የተበላሸ መሆኑን ገልጦ ሻረው። ምክንያቱም ሲነገር፥ ቍጠባቸውን አሟልተው ለዕጣው ብቁ የሆኑት ከ79 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሆኑ፥ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባው ስም ግን ከ170 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው የከተማው የራሱ መሥሪያ ቤት ነበር። የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተይዘው ነገሩ ወደ ምርመራና ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የማን ጥፋት እንደ ሆነ መፍረድ የዳኞች ሥራ ነውና እኛ በዚህ ቃል አንጨምርም። ዕጣው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። አስተዳደሩ ስሕተቱን ሳይሸሽግ ራሱ ገልጦ መሻሩ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዝም ቢል ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ይህ ጥያቄ ግን ለምስጋና ብቻ የሚነገር አይደለም። በእውነት ማን ያውቅ ነበር? ከ79 ሺህ እና ከ170 ሺህ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን አይቶ ገና ዕጣው ሳይወጣ “ቆዩ” የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ስለ ምን ቢሉ፥ በቅርጫው ላይ ሁሉም ምልክቱን ይቈጥር ነበር፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን ሁሉም መሣሪያው ቈጥሮታል ብሎ ዐይኑን መለሰ። ለሕዝብ የሚታወጀውም ብዙ ጊዜ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ስም ነው፤ ዕጣ ውስጥ የገቡት ስንት እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ለሴቶች 30 ከመቶ፥ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 ከመቶ፥ ለአካል ጉዳተኞች 5 ከመቶ የተለየ ድርሻ አለ። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ከረጢቱን ከአንድ ወደ ብዙ ስለሚከፍለው ተመልካቹ በዐይኑ ሊከታተለው የማይችል ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ዲቪ የተባለውን የአሜሪካን ዕጣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በግንቦት ወር 2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጕዳይ ሚኒስቴር ለ2012 የፈረንጆች ዓመት ያወጣውን ዕጣ ሻረ። ከ14 ሚልዮን በላይ ማመልከቻ ቀርቦ ሳለ፥ ኮምፒዩተሩ ከመረጣቸው ሰዎች 90 ከመቶ የሚሆኑት ማመልከቻ መቀበል በተጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች የገቡ ሆነው ተገኙ። 22 ሺህ ያህል ሰዎች ዕጣ ወጥቶላችኋል ተብለው ነበርና ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የመጀመሪያው ዕጣ እንዲጸና አልፈቀደም፤ በሐምሌ ወር አዲስ ዕጣ ታወጀ። በዚያ የከረጢቱ ይዞታ ደኅና ነበር፤ የተሳሳተው የሚያወጣው እጅ ነው። በእኛ ግን የታወቀው ስሕተት በከረጢቱ ውስጥ ነበር።

በዚያው በአሜሪካ ከዚህ የሚከፋ ነገር ተደርጓል። የብዙ ክፍላተ ሀገርን ሎተሪ የሚያካሂድ ማኅበር የኮምፒዩተር ጥበቃ ኃላፊ የነበረው ኤዲ ቲፕተን፥ ዕጣ የሚያወጣውን ፕሮግራም በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ቀኖች የሚወጣው ቍጥር አስቀድሞ እንዲታወቅ አድርጎ ጻፈው። መሣሪያው በመርማሪዎች ታይቶ የተፈቀደ ነበር። ሰውየው የተያዘው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አንዱን ቲኬት ራሱ ሲገዛ በሱቁ ካሜራ በመታየቱ ነው፤ ስግብግብነቱ ባያሳውረው ኖሮ ገና ይኖርበት ነበር። ጠባቂው ራሱ ሌባ በሚሆንበት ስፍራ የጠባቂው የምስክር ወረቀት ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ወደ ከረጢትና ወደ ብጣሽ ወረቀት እንመለስ የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። እኛ እንዲህ አንልም። ለ80 ሺህ ሰው ብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ ማውጣት ቀን ሙሉ ከመድከም በቀር ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ ብጣሹም ቢሆን ይሰረቃል፥ ይታጠፋል። ደግሞም በኮምፒዩተር የወጣ ዕጣ፥ ሥርዓት ከተደረገለት፥ በእጅ ከወጣው የበለጠ ሊታይ ይችላል። የዘመኑ የሒሳብ ጥበብ ለአንድ መዝገብ ማኅተም የሚሆን አጭር ጽሑፍ ማውጣት ያውቃል፤ ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ፊደል ቢለወጥ ወይም አንድ ስም ቢጨመር ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። ባንኩ የብቁ ቆጣቢዎችን መዝገብ ባስረከበ ቀን ይህ ማኅተምና የሰዎቹ ጠቅላላ ቍጥር በጋዜጣ ቢታተም፥ ከዚያ በኋላ በሌሊት ስም የሚጨምር ሰው ማኅተሙን ማስተካከል አይሆንለትም። የሰው ስም ባደባባይ መውጣቱ ያሳፍራል ቢባል፥ የምዝገባው ቍጥር ብቻ ይበቃል። ዕጣው የሚጀመርበትን ቍጥር ሕፃናት በሕዝብ ፊት ዛር ጥለው ያውጡት፤ የፕሮግራሙም ጽሑፍ አስቀድሞ ይገለጥ። ያን ጊዜ በየቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ሁሉ ያንኑ መዝገብና ያንኑ ቍጥር ይዞ ዕጣውን ደግሞ ያወጣዋል፤ ውጤቱም አንድ ካልሆነ ይናገራል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙን የሚጽፈው፥ መዝገቡን የሚያስገባውና ሥራውን የሚመረምረው ሦስት ልዩ ልዩ ክፍል እንዲሆን የሚያዝ ደንብ ነው።

ስለሚጨመረው ስም ይህን ያህል ከተናገርን፥ ስለሚቀረውም ልንናገር ይገባል፤ የሚጨመር ጩኸት ያስነሣል፥ የሚቀር ግን ዕድሌ ነው ብሎ ዝም ይላል። በፊደል ቤት ያደግን ሰዎች ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በስንት ዐይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን። አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፥ ሌላው በሃሌታው ሀ፥ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል፤ ሠ እና ሰ፥ ዐ እና አ፥ ፀ እና ጸም እንዲሁ ናቸው። የሚያነብ ሰው ስሙ አንድ መሆኑን ያውቃል። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር አለውና፥ አስተካክል ተብሎ ካልታዘዘ በቀር፥ በቤቶች መዝገብ በሐ የተጻፈውና በባንኩ መዝገብ በሀ የተጻፈው ሁለት ሰው ናቸው። መነኵሴም በዓለም ስሙ የቈጠበ እንደ ሆነና ኋላ በምንኵስና ስሙ መታወቂያ ካወጣ የሚደርስበት ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር መድኀኒት ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ሲሆን፥ የዐሥሩን ጣት አሻራ፥ የዐይንን ብሌንና የፊትን መልክ መዝግቦ ለአንዱ ሰው አንድ ባለ12 አኃዝ ቍጥር ይሰጣል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለዚህ ቍጥር አዲስ የባንክ ሒሳብ እንዳይከፈት የብሔራዊ ባንክ አዝዟል። ቍጥሩ ሐ እና ሀን አይለይምና አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ከመቍጠር፥ ሁለቱን ሰው አንድ ከማድረግ ያድናል። ነገር ግን ሁሉም በር በአንድ ቍልፍ የሚከፈት ከሆነ፥ ቍልፉ የተሰበረበት ሰው ከሁሉም ደጅ ይቀራል። ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው አሻራው ይጠፋል፤ የሸማግሌ ዐይን በሞራ ይጋረዳል። መስኮት ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ “መሣሪያው አላወቀዎትም፥ ነገ ይምጡ” ሲል፥ ነገ ለመምጣት የትራንስፖርቱን የሚከፍለው ሽማግሌው ነው እንጂ መሥሪያ ቤቱ አይደለም።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤት ለሚሰጠው ውሳኔ ምክንያቱን እንዲገልጥ ያስገድዳል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይና የተሳሳተውን እንዲያሳርም መብት ይሰጠዋል። የቀረው መስኮቱ ነው። “መሣሪያው አላወቀዎትም” የሚለው ቃል በጽሑፍ ይሰጥ፤ ቀኑና የሠራተኛው ስም ይኑርበት፤ ባለጕዳዩም በሌላ መንገድ፥ በምስክር ወይም በቀድሞው ሰነዱ፥ ማንነቱን አስረድቶ ተራውን ሳያጣ ጕዳዩ ይፈጸምለት። በቤት ዕጣ ነገር ደግሞ ቀነ ገደብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ ከመታተሙ በፊት አንድ ወር ያህል ተከፍቶ፥ ቈጥቤ ሳለ ስሜ የለም የሚል ሁሉ በየወረዳው ቀርቦ እንዲታይለት ይሁን። ኅትመትና ንባብ የማይደርሳቸውን ሰዎች በዚህ ነገር የየደብሩ አስተዳዳሪዎችና የየዕድሩ ዳኞች በማስታወቅ ሊረዷቸው ይችላሉ።

በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት ውስጥ በሁለቱም ዕጣ ስማቸው ያልወጣ ሰዎች ነበሩ። በሐምሌ የወጣላቸውና በኅዳር የቀረባቸውም ነበሩ። ከእንግዲህ ወዲያ በሚወጣው ዕጣ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡት እነዚህ ናቸውና፥ መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ከባንኩ የመጣው ቍጥርና ወደ ኮምፒዩተሩ የገባው ቍጥር በትልቅ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያቸው፤ ድምፁ በሚሰማ ሰውም ይነበብላቸው።