የቤት ሒሳብ፦ አንድ ጀሪካን ውሃ ለማሞቅ ስንት እንከፍላለን?

ማገዶ በነፃ ነው የሚል ሰው አለ። ከሜዳ ይለቀማል፣ ከጫካ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ አይወጣበትም ይላል። እስቲ ተሸክመው የሚያመጡትን እናቶች እንጠይቃቸው! ደልጊ ገበያ ወጥቶ ሸክም እንጨት የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋውን ኪሱ ያውቀዋል። ለአራስ፣ ለሕፃን ገላ፣ ለእግር መታጠቢያ፣ ለሻይ በየቀኑ ውሃ እናሞቃለን። ወጪውን ግን ማን ጽፎት ያውቃል? ዛሬ እንጻፈው።

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ። አንድ ትልቅ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ውሃው ሳይሞቅ 20 ዲግሪ ነው እንበል። ለገላ 40 ዲግሪ ይበቃል። ውሃውን እዚያ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሙቀት በማንኛውም ማሞቂያ አንድ ነው። የሚለያየው ሌላ ነገር ነው። ካነደድነው ውስጥ ስንቱ ውሃው ውስጥ ገባ? ስንቱስ በጎን አመለጠ?

ሦስት ጉልቻን እንመልከት። ከመቶ እጅ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ በጭስም ይወጣል። ጭሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም፤ በእናትና በልጅ ዓይንና ሳንባ በኩል አልፎ ነው። በጉልቻ አንድ ጀሪካን ውሃ ለገላ ለማሞቅ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይፈጃል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ይብሳል፤ እሳቱ አስቀድሞ የእንጨቱን ውሃ ማድረቅ አለበትና።

አንድ ኪሎ ትንሽ ይመስላል። በየቀኑ አንድ ጀሪካን የሚያሞቅ ቤት ግን በዓመት 365 ኪሎ እንጨት ያነዳል። አንድ ሸክም 20 ኪሎ ይመዝናል ብለን እናካፍል፤ ከ18 ሸክም በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለገላ ውሃ ብቻ ነው፤ እንጀራውና ወጡ ገና አልተቆጠሩም። እንጨት ሲጠፋ ወደ ኩበት እንሄዳለን። ኩበት ከነደደ ደግሞ ለማሳው ፍግ አይሆንም። ስለዚህ ወጪው በጓሮ በኩል ዞሮ ከእህሉ ላይ ይቆረጣል።

ከሰልስ? ከሰል ጭሱ ያነሰ፣ እሳቱም የረጋ ነው። ለአንድ ጀሪካን የገላ ውሃ 300 ግራም ያህል ይበቃል። ታዲያ ከሰል ይሻላል እንዴ? ቆይ! በአፈር ተዳፍኖ ከሚከሰለው እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት ያልቃል። እንግዲህ አባዙት። ያ 300 ግራም ከሰል አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ከሚሆን እንጨት የመጣ ነው። ዛፉን ካሰብን ከሰል ከጉልቻም የከፋ ነው ማለት ነው። ደግሞ በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ። ሽታ የሌለው መርዙ ሰው ይገድላል።

ምድጃን የለወጠ ሰው ሒሳቡም ይለወጥለታል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ሁለት ምድጃዎች ወጡ። አንደኛው ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ነው። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ነው። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲመዛዘን ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛው ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። ይህ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። እኔን ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የኋላው በኩል ነው። ጭሱ በሚወጣበት ላይ የድስት ማስቀመጫ አለው። እንጀራው ሲጋገር ያመልጥ የነበረው ሙቀት እዚያ ድስቱን ያገኘዋል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ውሃው ያለ ተጨማሪ እንጨት ይሞቃል። ከዚህ የረከሰ የውሃ ማሞቂያ አላውቅም። ከእነዚህ በኋላ የመጣው ትክክል የተባለው ምድጃ ደግሞ ለድስት ነው። የጀሪካኑን አንድ ኪሎ እንጨት ወደ ግማሽ ኪሎ ያወርደዋል።

«ይህ ልጅ እሳት ማንደድ ሊያስተምረን ነው?» የሚሉ እናቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቱን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨምሩበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። በእኛ አካባቢ፣ ጣና ከባሕር በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነደው እንጨት እንፋሎት ብቻ ይሆናል። ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ በእንፋሎት ተኖ እስኪያልቅ የሚበላው ሙቀት፣ ያንኑ ሊትር ከቀዝቃዛ አንስቶ ለማፍላት ከሚበቃው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ሰባት እጥፍ! እንግዲህ ክዳን ገንዘብ ነው። ለመጠጥ የምናፈላው ውሃም ከተንፈቀፈቀ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ እሳቱን ማውጣት ነው።

ኤሌክትሪክ ያለው ቤትስ? በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከመቶ ከ80 እጅ በላይ የሚሆነው ሙቀት ውሃው ውስጥ ይገባል። አንድ ጀሪካን ለገላ ለማሞቅ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከቆጣሪ ክፍያ ደረሰኛችሁ ላይ አንብቡና በግማሽ አካፍሉት፤ ከአንድ ኪሎ እንጨት ዋጋ ጋርም አስተያዩት። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን የሚወስደው ከዚሁ ከጣና፣ በቁንዝላ በኩል ነው። በባሕር ዳር በየቤቱ የሚገጠመው ቦይለር ግን ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ከዋለ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ቆጣሪውም ይሮጣል። ከመታጠብ በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ ማብራት ይበቃል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረው ማሞቂያ ደግሞ አደገኛ ነው። ከሶኬት ሳይነቀል እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም። በብረት ባልዲ ፈጽሞ አትጠቀሙበት።

እንጨትም ቆጣሪም የማይጠይቀው ፀሐይ ነው። በደራ ወረዳ ያለው የዋንዛዬ ፍልውሃ ከመሬት ሞቆ ይወጣል፤ እኛ ግን በየቤታችን ፍልውሃ የለንም፤ ፀሐይ አለን። ጀሪካኑን ጥቁር ቀለም ቀቡት። ጠዋት ሞልታችሁ ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ላይ አጋድሙት። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ብታለብሱት ይበልጥ ይሞቃል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ለገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። በክረምት ደመናው አያስተማምንም። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም አይሆንም። እንዲህ ለብ ያለው ውሃም ለገላ እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ ጀርሙ አልሞተም።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ማክሰኞ አንድ ሊትር ውሃ ድስቱን ሳትከድኑ አፍሉ፤ የፈጀውን እንጨት በሚዛን ለኩና ጻፉ። ረቡዕ ያንኑ ያህል ውሃ ከድናችሁ አፍሉና ቁጥሩን ከሥሩ ጻፉ። ከላይኛው ላይ የታችኛውን ቀንሱ። ሚዛን የሌለው ቤት ፍልጡን በቁጥር ይያዝ።