«ፎርስ በለው» የሚሉት ምክር

ሪአክትን፣ ላራቬልን ወይም ጃንጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጭን ሞክሮ ኤረር የወጣበት ሰው፣ ሥራውን ያውቃል የሚለውን ሰው ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከአራት ከአምስት አያልፍም። ኖድ ሞጁልስን አጥፍተህ እንደገና ጫን። ሱዶ ጨምርበት። ፎርስ በለው። ፎልደሩን 777 አድርገው። ወደ ድሮው ቨርዥን ተመለስ። መልሱ የሚመጣው ደግሞ ኤረሩ ሳይነበብ ነው። ጠያቂው «አልጫን አለኝ» ከማለቱ፣ ምን ብሎ እምቢ እንዳለው ሳይጠየቅ ኮማንዱ ይነገረዋል። እሱም ይለጥፈዋል። ብዙ ጊዜም ይጫንለታል፤ ምክሩ እንዲህ ሥር የሰደደውም ስለሚጫን ነው።

እኔ ይህን ችግር መፍታት አልለውም። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ወጥቶ አጥሩን ከማየት ይልቅ የውሻውን አፍ ማሰር ነው። ኤረሩ አብዛኛውን ጊዜ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ፣ በየትኛው ፓኬጅ፣ በየትኛው ቨርዥን የተነሳ እንደሆነ ስም ጠርቶ ይናገራል። እኛ ግን ንግግሩን ማስቆም እንጂ መስማት አልለመድንም፤ ይባስ ብሎ ማስቆሚያውን በቃሉ የሚያውቀውን ሰው ጎበዝ እንላለን።

በጣም የተለመደውን ኤረር ላንሳ፤ ኢሪዞልቭን። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የኖድ ፓኬጆች መጫኛ የሆነው ኤንፒኤም ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቨርዥን ድረስ ሁለት ፓኬጆች በሦስተኛው ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፍ ነበር። በኦክቶበር 2020 የወጣው 7ኛው ቨርዥን ማለፉን ተወ፤ እንዲህ ያለ ግጭት ሲያይ ይቆማል። አንድ ላይብረሪ «እኔ የምሠራው ከሪአክት 18 ጋር ነው» ብሎ ጽፎ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለው ሪአክት 19 ከሆነ አልጭንም ይላል። በዲሴምበር 2024 ሪአክት 19 ሲወጣ ጉዳዩ የሁሉም ሰው ሆነ። በክሪኤት ሪአክት አፕ አዲስ ፕሮጀክት የከፈተ ጀማሪ አንድ መስመር ኮድ እንኳ ሳይጽፍ ኢሪዞልቭ ገጠመው። መሣሪያው ሪአክት 19ን አምጥቶ ያስቀምጥ ነበር፤ አብሮት የሚጭነው የመፈተሻ ላይብረሪ ግን 18ን ነበር የሚፈልገው።

የኤረሩን ጽሑፍ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። አንዱ ያገኘሁት ሪአክት 19.0.0 ነው ይላል። ሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 18ን የሚፈልገው እከሌ የሚባለው ፓኬጅ ነው ይላል። ከዚያ መጨረሻው ላይ ያ ታዋቂ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ግጭቱን አስተካክል፣ አለዚያ ትክክል ያልሆነና ምናልባትም የተሰበረ አጫጫን ለመቀበል ከፈለግህ በፎርስ ወይም በሌጋሲ ፒር ዴፕስ ድገመው። ከዚህ ሁሉ ሰዉ ይዞት የሄደው ፎርስንና ሌጋሲ ፒር ዴፕስን ብቻ ነው። «ምናልባትም የተሰበረ» የሚለው በቅንፍ ስለተጻፈ ይሆን?

የተሰበረው ነገር መቼ ብቅ እንደሚል ሪአክት ኩዊል ጥሩ ማሳያ ነው። ኩዊል የጽሑፍ ኤዲተር ነው፤ ዜና ወይም ማስታወቂያ የሚገባበት ገጽ የሚሠራ ሰው ይፈልገዋል። ኩዊልን ለሪአክት የሚያቀርበው ሪአክት ኩዊል ከሪአክት 16፣ 17 እና 18 ጋር እሠራለሁ ይላል፤ 19 ሳይወጣ የተሠራ ስለሆነ እሱን አልጠራም። ውስጡ ፋይንድ ዶም ኖድ የሚባል ፈንክሽን ይጠቀማል፤ ይህን ፈንክሽን ደግሞ ሪአክት 19 ጨርሶ አውጥቶታል። በሌጋሲ ፒር ዴፕስ የጫነው ሰው ተርሚናሉ ዝም ስላለለት ደስ ይለዋል። ኤዲተሩ ያለበትን ገጽ ሲከፍት ግን «ፋይንድ ዶም ኖድ ፈንክሽን አይደለም» ተብሎ ገጹ ይወድቅበታል። ይህ አዲሱ ኤረር ስለ ቨርዥን አንድም ቃል አይተነፍስም። ሲጫን ስም ተጠርቶ የተነገረው ነገር አሁን በኮዱ ውስጥ በባትሪ ይፈለጋል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ከራሱ ኮድ ይጠብቃል።

ከዚህም የባሰ አለ። ሌጋሲ ፒር ዴፕስ የሚለውን ፍላግ በየጊዜው መጻፍ የሰለቸው ሰው የፕሮጀክቱ ኤንፒኤም ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ጽፎት ያርፋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሁሉ እንዲህ ያለ ግጭት ቢኖርም አይሰማም። ኋላ የተቀጠረው ልጅ ፍላጉ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ፎርስ ማለት ሁልጊዜ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ላይብረሪው ከአዲሱ ሪአክት ጋር እንደሚሠራ የፈተሸ፣ ባለቤቶቹ ቁጥሩን ማሻሻል ብቻ እንደዘገዩ ያወቀ ሰው፣ ለዚያ አንድ ፓኬጅ ብቻ በፓኬጅ ጄሰን ውስጥ ኦቨርራይድ ጽፎ ሊያልፍ ይችላል። ያ ውሳኔ ነው፤ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ነገ የሚመጣው ሰው ያየዋል። የምቃወመው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ዝም ማሰኘቱን ነው።

ወደ ድሮው ቨርዥን ተመለስ የሚለው ምክር የራሱ ታሪክ አለው። በኦክቶበር 2021 የወጣው ኖድ 17 የምስጠራ ሥራውን የሚሠራለትን ኦፕን ኤስኤስኤልን ወደ 3ኛው ቨርዥን አሳደገ። ኦፕን ኤስኤስኤል 3 ደግሞ ኤምዲ4 የሚባለውን ጊዜ ያለፈበት የሀሽ ስልት ከመደበኛው አገልግሎት አውጥቶ ካረጁት ጋር ለይቶ አስቀመጠው። ዌብፓክ 4 ሥራውን የሚሠራው በዚሁ በኤምዲ4 ነበር። ስለዚህ ትናንት ሲሠሩ የዋሉ የሪአክትና የቪው ፕሮጀክቶች «ዲጂታል ኢንቨሎፕ ሩቲንስ፣ አንሰፖርትድ» ብለው ቆሙ። እዚህ ላይ ጀማሪውን አልወቅስም፤ መልእክቱ ለሰው የተጻፈ አይመስልም። የምወቅሰው መካሪውን ነው። የተነገረው መፍትሔ ሁለት ነበር፤ ወይ ኦፕን ኤስኤስኤል ያገለለውን መልሶ እንዲያስገባ የሚያስገድድ ፍላግ መጨመር፣ ወይ ወደ ኖድ 16 መመለስ። መውጫው ግን ወደ ዌብፓክ 5 መሻገር ነበር፤ ክሪኤት ሪአክት አፕም በዲሴምበር 2021 ባወጣው 5ኛ ቨርዥኑ ተሻግሯል። ኖድ 16 ምን ሆነ? ድጋፉ ከታቀደለት ቀን ቀድሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተቋረጠ። የተቋረጠበት ምክንያት ውስጡ ያለው ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.1 በዚያው ቀን ድጋፉ ማብቃቱ ነው። ሰዉ የሸሸው ከአዲሱ ኦፕን ኤስኤስኤል ነበር፤ የሸሸበትን ኖድ የዘጋው የአሮጌው ማብቃት ሆነ። ዛሬም ግን «16ን ጫን» የሚል መካሪ አይጠፋም።

ሱዶ ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ ያልቃል። ኤንፒኤም ኢአክሴስ ብሎ ሲቆም የሚለው በዚህ ፎልደር ላይ መጻፍ አልተፈቀደልህም ነው። ይህ የሚሆነው ኖድ የተጫነው የሲስተሙ ንብረት በሆነ ቦታ ስለሆነ ነው። ኤንፒኤም በራሱ መመሪያ የሚመክረው ኖድን እንደ ኤንቪኤም ባለ ቨርዥን ማኔጀር በተጠቃሚው ሆም ፎልደር ውስጥ መጫንን ነው፤ ያኔ ሱዶ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ይህን ማስረዳት ሱዶ ከማለት ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሱዶ ይነገራል። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው ኤንፒኤም 5.7.0 በሱዶ ሲሄድ የሲስተም ፎልደሮችን ባለቤትነት የሚቀይር ስህተት ነበረበት። ቶሎ በ5.7.1 ታረመ፤ ግን እስኪታረም ድረስ የተጎዱት ሱዶን የለመዱት ነበሩ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ዩኤ ፓርሰር ጄኤስ የሚባለው በብዙ ፕሮጀክት ውስጥ የሚገኝ ፓኬጅ የባለቤቱ አካውንት ተጠልፎ፣ ገና ሲጫን ክሪፕቶ የሚያመርት ፕሮግራም የሚያወርድ ስክሪፕት ተጨመረበት። ፓኬጅ ሲጫን የራሱን ስክሪፕት ማስኬድ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሱዶን እንደ ጨው በየኮማንዱ አይነሰንስም።

ፓይተን ቤት የሆነው ደግሞ ያስቃል። በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ላይ ጃንጎን በፒፕ በቀጥታ ልጫን ያለ ሰው ይከለከላል፤ ፓይተኑ የሲስተሙ ነው፣ የራስህን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ሥራ ይባላል። እንዴት እንደሚሠራም ኮማንዱ እዚያው መልእክቱ ውስጥ ተጽፏል። ካልሰማህ ግን ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ የሚባል ፍላግ አለልህ። የሲስተሙን ፓኬጅ እሰብራለሁ ብሎ በእጁ ካልጻፈ በቀር የማያልፍበት በር ማለት ነው። ሰዉ ምን አደረገ? ኮፒ አድርጎ ለጠፈው። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ማስፈራራት እንዴት እንደሚቻል እኔ አላውቅም።

የላራቬሉን በአጭሩ ልለፈው። ላራቬል 11 ፒኤችፒ 8.2 ይፈልጋል፤ ኮምፖዘር ያንተ ፒኤችፒ 7.4 ነው ሲል ኢግኖር ፕላትፎርም ሪክስ የሚለውን ፍላግ መጨመር ፒኤችፒውን 8.2 አያደርገውም። ፋይሎቹ ይወርዳሉ፤ 7.4 የማያውቀው አጻጻፍ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ስቶሬጅ ፎልደሩ አልጻፍ ሲል 777 ማድረግም እንዲሁ ነው። የፎልደሩን ባለቤት ዌብ ሰርቨሩ ማድረግ ሲበቃ፣ ሰርቨሩ ላይ ላለ ሁሉ የመጻፍ መብት ማደል ለምን አስፈለገ?

«ወንድሜ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ሁለት መቶ መስመር እንግሊዝኛ ላንብብ እንዴ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ኤረሮቹ ረጅም ናቸው፤ በሰው ቋንቋ የተጻፉት ጥቂት ናቸው፤ ፍሬምወርክ ሠሪዎቹም በየመነሻ ገጻቸው አንድ ኮማንድ ብቻ ብለው ያባብላሉ። የአንድ ኮማንድ ተስፋ ካልተፈጸመ ደግሞ ጀማሪው የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ግን ጊዜ ይቆጥባል የሚባለው ምክር በእኛ አገር ሁኔታ ጊዜም ገንዘብም አይቆጥብም። ኖድ ሞጁልስን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብቻውን ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ኤንፒኤም ያወረደውን ካሽ ውስጥ ስለሚይዝ አብዛኛውን ከዚያ ያነሳዋል። ምክሩ ግን እዚያ አይቆምም፤ ካሹንም አጥፋ ይላል። ኤንፒኤም ከ5ኛው ቨርዥን ወዲህ ካሹ ራሱን ያስተካክላል፣ ማጥፋት አያስፈልግም ብሎ እምቢ ይላል፤ ለእሱም ፎርስ ይጨመርበታል። ያኔ በሞባይል ዳታ ፓኬጅ የሚሠራው ተማሪ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከዜሮ ያወርዳል። ያ ሁሉ የወረደው፣ አንብቦ ቢሆን ኖሮ አንድ ቁጥር በመቀየር ለሚያልቅ ነገር ነው።

አብሮ የሚጠፋው የሎክ ፋይል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ያ ፋይል ፕሮጀክቱ ሲሠራ የነበሩትን ቨርዥኖች አንድ በአንድ የያዘ መዝገብ ነው። እሱን ያጠፋ ሰው ችግሩን አልፈታም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆችን በአንድ ጊዜ ቀየረ። ቢሠራለት የትኛው ለውጥ እንደጠቀመው አያውቅም። ባይሠራለት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። ኖድ ሞጁልስን አጥፍቶ በሎክ ፋይሉ መሠረት ንጹሕ አድርጎ የሚጭን ኮማንድ፣ ኤንፒኤም ሲአይ የሚባለው፣ ከ2018 ጀምሮ አለ። በየሥልጠናው ስንቱ ሲያስተምረው አይታችኋል?

ሥልጠና ካልኩ አይቀር፤ በጁላይ 2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ሆነ በየከተማው የተከፈቱት የግል ኮርሶች ለዚህ ሙያ አዲስ ሰው እያመጡ ነው፤ ደግ ነው። በየኮርሱ የማየው ልማድ ግን አስተማሪው ቀድሞ ያዘጋጀውን፣ የማይሰናከል ፕሮጀክት መክፈት ነው። የሪአክት ቡድን ክሪኤት ሪአክት አፕን በፌብሩዋሪ 2025 ለአዲስ ፕሮጀክት አትጠቀሙበት ካለ በኋላ እንኳ በእሱ የሚጀምር ኮርስ አለ። ተማሪው ቤቱ ገብቶ ሲሰናከልበት አስተማሪው በአንድ ቃል «ፎርስ በለው» ይለዋል። አሁን ደግሞ ሰዉ ኤረሩን ለኤአይ ይለጥፋል፤ ኤአዩም የተማረው ከእኛው ነውና ያንኑ ፍላግ በጨዋ አነጋገር ይመልስለታል።

ለአስተማሪዎቹ አንድ ነገር ላቅርብ። በመጀመሪያው ሳምንት ሪአክት 19 የተጫነበትን ፕሮጀክት ለተማሪዎቹ ስጧቸው፤ ሪአክት ኩዊልን ጨምሩበት በሏቸው፤ ፎርስና ሌጋሲ ፒር ዴፕስን ከልክሉ። ጎግልም ኤአይም ክፍት ይሁን። ሪአክትን ወደ 18 የሚያወርድ ይኖራል፤ 19ን የሚደግፍ ሌላ ኤዲተር የሚፈልግ ይኖራል፤ ኩዊልን አንስቶ ተራ የጽሑፍ ሳጥን የሚያስቀምጥም አይጠፋም። የቱን እንደመረጠ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ከኤረሩ ውስጥ ያንን እንዲመርጥ ያደረገው የትኛው መስመር እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ።