የክልል ሥራ ተቋራጮች ማኅበራትና የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ፦ ቡሬ እንደ ማሳያ

ቡሬ ባለፉት ዓመታት ሰፊ ግንባታ ከተካሄደባቸው የምዕራብ ጎጃም ከተሞች አንዷ ናት። በአገር አቀፍ ደረጃ በሙከራነት ከተጀመሩት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች መካከል አንዱ የተገነባው በዚሁ አካባቢ ነው። የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእነዚህ ግዙፍ ፕሮጀክቶች ውጪ ያሉት የመማሪያ ክፍሎች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችና የጠጠር መንገዶች ግን በአብዛኛው በዝቅተኛ ደረጃ ፈቃድ በሚሠሩ የአካባቢ ተቋራጮች የሚከናወኑ ናቸው። የክልል ማኅበራት ፋይዳ ጎልቶ የሚታየውም በእነዚህ ተቋራጮች ዘንድ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት ዋጋ ሰጥቶ ውል የፈረመ ተቋራጭ አርማታ ብረትንና የማሽን መለዋወጫን በአዲሱ ዋጋ ለመግዛት ተገድዷል። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ ቢመረትም፣ ከሙገርም ሆነ ከለሚ ተጭኖ ቡሬ ለመድረስ ዓባይን መሻገር ስላለበት የትራንስፖርት ወጪው ቀላል አይደለም።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ አልነፈገም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር ውሎች በደነገገው ክፍል፣ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ሲያናጋ አሠሪው መሥሪያ ቤት ከኪሳራው የሚካፈልበትን መንገድ አመላክቷል። ይሁን እንጂ የአጭር ጊዜ ውሎች በአብዛኛው በቋሚ ዋጋ የሚፈረሙ በመሆናቸው፣ ጥያቄው በማስረጃ ካልተደገፈና በወቅቱ ካልቀረበ ውጤት አያስገኝም። የራሱ የውል ባለሙያ የሌለው ተቋራጭ በአንጻሩ ደረሰኙን በወጉ ሳይዝ፣ ማስታወቂያውንም በጽሑፍ ሳይሰጥ ይቀራል። ቅሬታውን በቃል ያሰማል፤ በቃል የቀረበ ቅሬታ ደግሞ በክፍያ ሰነድ ላይ አይሰፍርም።

ማኅበር ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው በየከተማው ያለውን የግብዓት ዋጋ በየወሩ መዝግቦ ሲይዝ፣ ለአባላቱ ወጥ የሆነ የጥያቄ ቅጽ ሲያዘጋጅና የብዙዎችን ጉዳይ በአንድነት ለክልሉ ግዥ አካል ሲያቀርብ ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤትም ቢሆን ከ20 የተለያዩ አቤቱታዎች ይልቅ አንድ የተጠና ሰነድ መመርመር ይቀለዋል። ማኅበሩ የዋጋ መረጃ ከመሰብሰብ አልፎ የጨረታ ዋጋን በስምምነት ወደ መወሰን ከተሻገረ ግን ድርጊቱ በንግድ ውድድር ሕግ የተከለከለ ነው። ቅድመ ክፍያ ወስዶ ሥራውን የሚተውን አባል ዝም ብሎ የሚያልፍ ማኅበርም በሌሎቹ አባላቱ ስም የሚያቀርበው ጥያቄ ተአማኒነት ያጣል።

የጊዜው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በሐምሌ፣ የጎጃም ክረምት በበረታበት ወቅት ነው። ጨረታው ወጥቶ ውል እስኪፈረም የበጋው እኩሌታ ያልፋል። በጥር የቀረበ የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ ምላሹ እስከ ግንቦት ከዘገየ፣ ጣሪያ ያልለበሰው የመማሪያ ክፍል ዝናብ ይወርድበታል፤ ተማሪዎቹም እስከ ቀጣዩ ዓመት ይጠብቃሉ።